ጀበናዋን ወደድን፤ ሠሪዋንስ?

እናንተ የከተማ ልጆች! ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ዕጣን ጤሶ፣ ቡና ሲፈላ ደስ አይላችሁም? እኔንም ደስ ይለኛል። ከረከቦቱ ላይ ግን ክብሩ ሁሉ የሲኒዋ ነው። ስሟ ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን «የቻይና» ማለት ነው። እዚያ ቻይና ውስጥ ጂንግደዠን የምትባል፣ ከሺህ ዓመት በላይ ሸክላ ስትሠራ የኖረች ከተማ አለች። ዛሬ ወጣቶች ከየአገሩ እየሄዱ፣ ሽርጥ አገልድመው፣ እጃቸውን ጭቃ ውስጥ እየነከሩ ሙያውን ይማሩባታል። ማንም «ምን ነካህ?» አይላቸውም። እኛ ዘንድስ? እስቲ ልሞክረው ብዬ ወለቃ ሄድኩ።

ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ የምትገኝ መንደር ናት። ቱሪስት ያውቃታል። መኪናውን ያቆማል፣ ከሸክላ የተሠራች አንበሳ ወይም ንጉሥ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን ይገዛል፣ እብስ ይላል። እኔ ግን «ልሥራ» ብዬ ቁጭ አልኩ።

ሸክላ ሠሪዋ እናት ከት ብለው ሳቁ። «ወንድ ልጅ ሸክላ ሊሠራ? ጉድ በል ጎንደር!» ያም ሆኖ ጭቃውን ገፋ አደረጉልኝ።

አፈሩ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ በውሃ ርሶ እስኪጠብቅ ይታሻል። ክንዴ ዛለ። ከዚያ ድቡልቡሉን መሃሉን በጡጫ አጎድጉደው፣ ጠርዙን እየሳቡ፣ እያሳሱ ወደ ላይ ያቆሙታል። በፊልም የምናየው የሚሽከረከር ነገር የለም። የሚዞሩት እሳቸው ናቸው፤ አጎንብሰው፣ ዕቃውን እየከበቡ! እኔ አንዲት ትንሽ ድስት ለማቆም ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ፤ እሷም አንድ ጎኗ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ጉንጭ አብጧል። «ጀበናስ?» አልኳቸው። «አንገቷና አፏ የሚቀጠለው ሆዷ ጠንከር ሲል ነው። እሱን ለመልመድ ስንት ዓመት ልትቀመጥ ነው ልጄ?» አሉኝ። ዋናው መከራ ደግሞ እሳቱ ነው። ዕቃው በጥላ ደርቆ በኩበትና በእንጨት ይቃጠላል። ውስጡ እርጥበት የቀረበት እንደሆነ ጡሽ! የስንት ቀን ድካም ገል ሆኖ ይቀራል።

አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ የጎንደር ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ዘመናይ። ይሄ ሁሉ ሲሆን መንገድ ዳር ቆሞ ሞባይሉን ይነካካል። ቡና ሲቀርብ «ጾም ነኝ» አለ። ጾም! ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ጠዋት አብረን ጥብስ በልተናል።

ነገሩ ገብቷችኋል። ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ «ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል» የሚባለው ወሬ ነው። ወለቃ ላይ ይህ ስም የተለጠፈው በቤተ እስራኤሎች ላይ ነበር። ርስት ተነፈጉ፣ በእጃቸው ሙያ አደሩ፣ በሙያቸው ደግሞ ተሰደቡ። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. በቆረቆሯት ከተማ የምንኮራባቸው ግንቦች ሲታነጹ ግን ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መሃል እነሱ ነበሩበት። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ማን ሰማቸው? አብዛኞቹ ቤተ እስራኤሎች በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ዘመቻዎችና ከዚያ በኋላ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በ1983ቱ ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። ዛሬ ሸክላውን የሚሠሩት በአብዛኛው ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ሰዎቹ ሄዱ፣ ስድቡ ቀረ! ሙያውን የወረሰ ስድቡንም አብሮ ወረሰ።

ማታ ፒያሳ ቢራ ይዘን ስንቀመጥ ጓደኛዬ አፉን ከፈተ። ሁለት ዓመት የሚወዳት ልጅ አለችው። እናቱ የልጅቷ አያት ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ ሰሙ። «የጠባኸው ጡቴ ይፋረድህ!» አሉት። እሱም ምክንያቱን ሳይነግራት «ሥራ በዛብኝ» እያለ ራቃት። እሷ ሌላ ሴት የያዘ መስሏት ታለቅሳለች።

«አንተ ራስህ ታምናለህ?» አልኩት።

«ኧረ እኔ አላምንም! ግን...»

«እናትህ ቡና የሚያፈሉት በምንድነው?»

«በጀበና ነዋ።»

«ከየት የተገዛ?»

ዝም።

የእናት ነገር ከባድ ነው፤ እናት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ልጅቷ ግን በምን እንደተጠላች የማወቅ መብት አላት፤ ይህን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። «ሥራ በዛብኝ» የሚባል ነገር ለሁለት ዓመት ፍቅር አይመጥንም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ድስቴ እስክትደርቅ ቀናት ስለሚያስፈልጋት ወለቃ ትቻት ተመለስኩ። ከእሳቱ ከተረፈች እሱ ሄዶ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቶልኛል። ሦስት ሳምንት ሆነ። ትናንት ደውዬ «ድስቴስ?» አልኩት። «ነገ እሄዳለሁ» አለኝ። «እሷስ?» ስለው ስልኩ ተቋረጠ... ኔትወርኩ ይሁን እሱ፣ እንጃ።