ባለቤቱ ያልኖረበት ቤት

በፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ በሳን ሁዋን፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ነጭ ቤት አለ፤ ስሙም «ካሳ ብላንካ»፣ ማለትም ነጩ ቤት ነው። የታሰበው ለደሴቲቱ የመጀመሪያ የስፔን ገዥ ለሁዋን ፖንሴ ዴ ሊዮን ነበር፤ እሱ ግን አልኖረበትም።

በእሱ አገዛዝ ታይኖ የሚባሉት የአገሬው ሰዎች ወርቅ እንዲያወጡ ተገደዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1511 ቢያምፁም በጦር ተደፈቁ። ገዥው በ1521 ሌላ ምድር ለመያዝ ፍሎሪዳ ዘምቶ በቀስት ቆሰለና ሃቫና ላይ ሞተ። በቤቱ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ 250 ዓመት ያህል ኖሩበት።

ዛሬ ሙዚየም ነው። ልጆች ይዞ የሚገባ ወላጅ የባለቤቱን ስም ብቻ ሳይሆን፣ ወርቁን ያወጡት እነማን እንደነበሩም ቢነግራቸው መልካም ነው።