የደፈረሰው ውኃና የቀደመው ወረቀት

«ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ይላሉ አበው። ባለፈው ጸደይ በአንዱ ማለዳ፣ በምኖርበት በዋሽንግተን ከተማ የወጥ ቤቴን ቧንቧ ስከፍት የወረደው ግን እንደ ጠላ የደፈረሰ ውኃ ነበር። በመስኮት ብመለከት ሠራተኞች ከመንገዱ ዳር የቆመውን የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ፣ ሃይድራንት የሚሉትን፣ ከፍተው ውኃውን በአስፋልቱ ላይ ይለቁታል። ከሳምንት በፊት በሬ ላይ ተንጠልጥሎ አግኝቼው፣ ሳላነብ የጣልሁት ወረቀት ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ለማስተማሪያ የምለብሳቸው ነጫጭ ሸሚዞቼ ግን አስቀድመው ማጠቢያው ውስጥ ገብተው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ በብረት ቧንቧ ውስጥ በዝግታ ሲጓዝ ዝገትና ማንጋኒዝ ከታች ይተኛል። ሃይድራንቱ ሲከፈት ፍሰቱ ይፈጥንና የተኛውን ዝቃጭ ጠርጎ ያወጣዋል፤ ጥቂቱም ወደየቤቱ ይገባል። በዋሽንግተን ይህ እጥበት በየጸደዩ ይበረታል፤ ውኃው የሚታከምበት ክሎራሚን ለጥቂት ሳምንታት በክሎሪን ይተካልና። ነዋሪው የሚመከረው ቀላል ነው፤ ቀዝቃዛውን ቧንቧ ከፍቶ እስኪጠራ ማፍሰስ፣ ዝቃጩ ወደ ማሞቂያው እንዳይሳብ ሙቅ ውኃ አለመክፈት፣ እስኪጠራም ልብስ አለማጠብ።

በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ለምትኖረው እናቴ ነገሩን በስልክ ባጫውታት ሳቀች። በእርሷ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲመለስ የቧንቧውን ዝገት ቀስቅሶ ስለሚመጣ የመጀመሪያውን ባልዲ ለወለል ማጠቢያ ታስቀምጠዋለች።

«ለመሆኑ ቀድመው ነግረዋችሁ ነበር?»

«አዎን እማዬ፤ ወረቀት በሩ ላይ ሰቅለው ነበር።»

«አንተ ደግሞ ይህን ሁሉ ተምረህ አላነበብኸውም!» አለችና ጥቂት ዝም ብላ፣ «እኔ ብሆን መስታወት ውስጥ አስገብቼ እሰቅለው ነበር ልጄ። እኛ ፈረቃው ሲዛባ ነጋሪ የለንም፤ ሌሊት ነቅተን የቧንቧውን ድምፅ ነው የምናዳምጠው።»

ይህን ስል የባዕድ አገር ውዳሴ መደርደሬ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። ይህችው ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2000 ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ስትሸጋገር፣ ከአሮጌ የእርሳስ ቧንቧዎች እርሳስ ወደ ውኃው ይሟሟ ጀመር። ብዙው ነዋሪ የጉዳዩን ስፋት የሰማው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004 ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ሲያወጣው ነው፤ ከተመረመሩት ቤቶች ከ4,000 በሚበልጡት ውስጥ እርሳሱ በፌዴራሉ መንግሥት የተወሰነውን፣ ከቢሊዮን 15 እጅ የሆነውን መጠን አልፎ ተገኝቶ ነበር። በውኃ የተሟሟ እርሳስ ቀለምም ጣዕምም የለውም። እናቶች የሕፃናትን ወተት የበጠበጡት ጥርት ባለ ውኃ ነበር።

እንግዲህ ዓይን ብቻውን ዳኛ አይሆንም። እኔን ያስደነገጠኝ ድፍርስ ውኃ ቀኑ ተቆርጦ፣ መፍትሔው ተጽፎ በበሬ ላይ ተሰቅሎልኝ ነበር፤ ያኛው ጥሩ መሳይ ውኃ ግን ነጋሪ አጥቶ ዓመታት ተጠጣ። ቧንቧ በየትም አገር ይዝጋል፤ ውኃም ይደፈርሳል። ሹም ለዜጋው ቢያንስ ይህችን ወረቀት አይንፈገው፤ ዜጋም እንደ እኔ ሳያነብ አይጣላት። ሸሚዞቼ ዛሬም ቢጫ ናቸው። ተማሪዎቼ በትሕትና ዝም ብለዋል።