የቱቦው ስፋት

ዛሬ የምጽፈው ስለ ግጥም አይደለም፤ ስለ ቱቦ ነው። ቀን የሰው ገንዘብ ሲቆጥር ውሎ ማታ ስንኝ የሚቋጥር ሰው ስለ መኪና ሆድ ዕቃ ምን አገባው ብትሉኝ እውነት አላችሁ። ነገሩ ግን የታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ እኔ እንድማር ሲል ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ የጭነት መኪና ረዳት የሆነ ሰው ነው። ዛሬ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ዲግሪ በእሱ ላብ የተገዛ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በጋ ጋሼ አንድ አሮጌ ባለ ተርቦ የናፍጣ ፒክአፕ ነበረችው። ሸቀጥ እየጫነ ከአዲስ አበባ ብቸና ይመላለስባት ነበር። አንድ ቀን ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ የአባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲጀምር መኪናዋ ጉልበት ከዳት። ጥቁር ጭስ እየተፋች በአንደኛ ማርሽ እየዳኸች ወጣች። ከኋላው የተሰለፉት የከባድ መኪና ሾፌሮች ጡሩምባቸውን ሲያስጮኹበት፣ «እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም» አለኝ።

ሱማሌ ተራ ያገኘው አንድ አዋቂ ነኝ ባይ፣ «የኢንተርኩለሩ ቱቦ ጠቧት ነው፤ ባለ ሁለት ኢንቹን አውጥተህ ባለ ሦስት ኢንች አስገባ» ብሎታል። ጋሼም በዚያው ሰሞን የደረሰውን እቁብ ለዚሁ ሊያወጣው ቆርጧል። እቁቡ የእናታችን ቤት ጣሪያ ሊቀየርበት የታሰበ ነበር። ከማውጣቱ በፊት ግን ወደ እኔ መጣና፣ «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ አስላልኝ» አለኝ።

መካኒኮች «ተርቦ» ሲሉ እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ረኀብን ነው፤ ብዙም አልተሳሳትሁም። ሞተር አየር ይርበዋል፤ በእኛ ደጋ ደግሞ ይብስበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦው በሞተሩ ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ ይህን ስስ አየር አምቆ ያጎርሰዋል። የታመቀ አየር ግን ይግላል። የብስክሌት ጎማ በእጁ የነፋ ሰው ማስነፊያው እንዴት እንደሚሞቅ ያውቃል። የጋለ አየር ደግሞ መልሶ ይሳሳል። ኢንተርኩለር ማለት ይህን አየር እንደ ራዲያተር አቀዝቅዞ የሚያጠጥር ዕቃ ነው። የእኛም ጥያቄ ከተርቦው ወደ እሱ፣ ከእሱም ወደ ሞተሩ አየሩን ስለሚያደርሱት ቱቦዎች ነበር።

አንድ ማታ ከሥራ ስወጣ ካልኩሌተሬን ይዤ ተቀመጥሁ። ሞተሩ 2.5 ሊትር ነው፤ ያንን ያህል አየር ለመውሰድ ሁለት ዙር ይፈልጋል። በደቂቃ 3,600 ጊዜ ቢዞር እንኳ በሰከንድ ቢበዛ 75 ሊትር ይውጣል። አየሩ አስቀድሞ ታምቆ የሚመጣ በመሆኑ ከኢንተርኩለሩ በኋላ ባለው ቱቦ የሚያልፈውም ይኸው መጠን ነው። በሁለት ኢንች ቱቦ ውስጥ በሰከንድ 37 ሜትር ያህል ይነጉዳል፤ በሦስት ኢንች 16 ሜትር። በዚህ ሥራ ልምድ ያላቸው ሰዎች ቱቦ ጠበበ ብለው የሚሰጉት ግን ፍጥነቱ 130 ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። በዚያ ላይ ጋሼ የተጨመረው አንድ ኢንች ብቻ መስሎታል እንጂ የሦስት ኢንቹ አፍ ከሁለት ኢንቹ 2.25 እጥፍ ይሰፋል። በሁለት ሜትር ርዝመት 4 ሊትር ይይዝ የነበረው 9 ሊትር ይሆናል። ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ተርቦው ያንን ሁሉ ባዶ ግፊት ሊሞላው ነው። የሚያዘገየው ለጥቂት ቅጽበት ቢሆንም፣ ለማይገኝ ትርፍ ምን አደከመው? (የወል ቤት ስንኝም ስድስት ስድስት ቀለም ይበቃዋል፤ ዘጠኝ ላድርግህ ቢሉት ትንፋሽ ይፈስበታል እንጂ ሐሳብ አይጨመርለትም። ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።)

ጋሼ ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

«ይቺ ሁለት እግር ያላት ምንድን ናት?»

«ፓይ ናት፤ የክብ ስፋት የሚሰላባት።»

«እኔ ክብ ሳንደርስ ነው የወጣሁት» አለ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ ለእኔ ግን ከቅሬታ ከበደኝ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ታዲያ ቱቦው ካልጠበበ ንፋሱ የት ገባ?» ሲል ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቱቦው ይበቃል ወይስ አይበቃም ከማለት አልፌ አላሰብሁም ነበር።

በማግሥቱ የሰፈራችን ጎሚስታ ዘንድ መኪናዋን አቆምናት። ጋሼ ኮፈኑን ከፍቶ አየር የሚገባበትን የተርቦውን አፍ ደፈነ፤ በአንዲት ቀዳዳ ከጎሚስታው ኮምፕሬሰር በቀስታ እያስነፋ በየቱቦው ላይ የሳሙና ውሃ አፈሰሰ። ወደ ሞተሩ በሚገባው ጫፍ፣ ከማጥበቂያው ቀለበት ሥር፣ አረፋው ይኮፈስ ጀመር። የጎማው መገጣጠሚያ በሆዱ በኩል ተሰንጥቋል፤ ከላይ ላየው ደኅና ይመስላል። ግፊቱ በበረታ ቁጥር ስንጥቁ እየተከፈተ፣ በስንት ድካም የታመቀው አየር ሜዳ ላይ ሲፈስ ኖሯል። ናፍጣው አየር አጥቶ ነበር ጭስ የሆነው።

አንድ ክንድ የማይሞላ የጎማ ቱቦና ሁለት ማጥበቂያ ገዛን። ዋጋውን እንኳ አላስታውሰውም። የእናታችን ጣሪያ ከፋሲካ በፊት ተቀየረ።

ከሳምንት በኋላ ጋሼ ከደጀን ደወለልኝ። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ መውጣቱን ነገረኝና ቀጥሎ፣ «ስማ፣ ያቺን ባለ ሁለት እግር እሑድ ስመጣ ታስረዳኛለህ» አለኝ።

ደብተር ገዝቼ ጠበቅሁት። የሻይ ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ደፍተን፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምረን ጀመርን።