የእማማ እንጆሪ

በዚህ ሳምንት ስለ እንጆሪ እንጽፍላችኋለን። ነገሩ የጓሮ ሥራ ነው። ግን እኛ ራሳችን ያጠፋነው ጥፋት አለበትና ከእሱ እንጀምር።

እኛ ማንበብና መጻፍ ለማስተማር ወደ መሐል ሜዳ የመጣን ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ዕድሜያችን ገና ሃያን ማለፉ ነው። አምና በሐምሌ ስንመጣ ያረፍነው ከአንዲት እናት ቤት ነበር። እኛ "እማማ" እንላቸዋለን። እሳቸው ደግሞ "ልጆቼ" ይሉናል። መሐል ሜዳ ከፍታዋ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። የመንዝን ብርድ የማያውቅ ሰው በሐምሌ መጥቶ ይሞክረው። እማማ ግን ማታ ማታ ባና ያለብሱን ነበር። ገብስ ቆልተው ያቀርቡልን ነበር።

የምናስተምረው በግቢያቸው ዳስ ውስጥ ነው። በበሩ በኩል፣ ከድንጋዩ ካብ ጋር ተጠግቶ፣ አንድ ትልቅ የእንጆሪ ቁጥቋጦ አለ። እማማ ከትውልድ ቀያቸው፣ ሞቅ ካለው ከወንዙ ዳር፣ ነቅለው አምጥተው የተከሉት ነው። እሾሁ አላፊ አግዳሚውን ይይዛል። አንድ ቀን የአንዲት ተማሪያችንን ነጠላ ቀደደው። ሌላ ቀን አንድ ሕፃን ክንዱን ቧጠጠው። እኛም "ይኼ ነገር መወገድ አለበት" አልን።

እማማ ለቅሶ የሄዱ ዕለት ማጭድና መጥረቢያ አነሳን። ውለታቸውን የምንመልስ መሰለን። ደረቁንም እርጥቡንም ከሥሩ ቆርጠን ከመርነው። ግቢው ጠራ። "እማማ ሲመጡ እንዴት ደስ ይላቸዋል!" ተባባልን።

እማማ ወደ ማታ መጡ። በሩ ላይ ቆም አሉ። ከክምሩ አንዱን ዘንግ መዘዙና በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ውስጡ አረንጓዴ ነው። "ልጆቼ፣ ይኼ እኮ ዘንድሮ የሚያፈራው ነበር" አሉን። ሌላ ምንም አላሉም። ገብተው እራታችንን አቀረቡ። ያን ማታ እንጀራው ከጉሮሯችን አልወርድ አለ።

ነገሩን በኋላ ከልጅ ልጃቸው ሰማን። ልጅቱ ትምህርት ቤት ትማራለች። እማማ በመስከረም ደብተርና እስክሪብቶ ከባለሱቅ በዱቤ ይወስዱላታል። ክረምቱ ሲወጣ እንጆሪው ይበስላል። በጣሳ እየለቀሙ ገበያ ይሸጡና ዕዳውን ይከፍላሉ። እኛ ፊደል ልናስተምር መጥተን የአንዲት ተማሪ ደብተር ቆረጥን ማለት ነው።

ተንደርድረን ባለሱቁ ዘንድ ሄድን። "የዓመቱን ደብተር እኛ እንከፍላለን" አልን፤ ከፈልንም። እማማ ሲሰሙ፣ "ገንዘቡስ ይተካል። እንጆሪው ግን ዓመቱን ይፈልጋል" አሉን።

በማግስቱ ጥፋታችንን ለተማሪዎቻችን ነገርናቸው። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ "በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል የሚባለው ይኼው ነው" አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ ግን አፍረን ነው። ሽማግሌው ቀጠሉ። "እናንተ የተማራችሁ ልጆች፣ የጓሳን ነገር አልሰማችሁም?"

ጓሳ ከመሐል ሜዳ ብዙ የማይርቅ የደጋ ሣር ምድር ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይህን ምድር ሲጠብቅ ኖሯል። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል። ማንም አያጭድም፤ ማንም ከብት አያስገባም። ሣሩ ሲደርስ ግን ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። የቄሮ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ፈረሰ። ኋላም የአካባቢው ሰው ጓሳውን በማኅበር ለመጠበቅ እንደገና ተነሣ። ዛሬም ጓሳ የሚጠበቀው በራሱ በአካባቢው ሕዝብ ነው።

"ማጭድማ ሁሉም ቤት አለ፤ ጊዜውን ማወቅ ነው ቁም ነገሩ" አሉ ሽማግሌው። ያን ቀን አስተማሪው እሳቸው ነበሩ፤ ተማሪዎቹ እኛ ነበርን።

አሁን ወደ እንጆሪያችን እንመለስ። ከተማ ውስጥ እንጆሪ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከመሬት ተጠግቶ የሚያፈራውን፣ ቀዩንና ወፍራሙን ፍሬ ነው። እኛ የምንለው እሾሃሙን ነው። ኦሮሞ ወገኖቻችን ጎራ ይሉታል። ፍሬው ጥቃቅን ዶቃ አንድ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ሲበስል ይቀላል ወይም ይጠቁራል። በውጭ አገር በየጓሮው የሚተከሉት ራስቤሪና ብላክቤሪ የእሱ ዘመዶች ናቸው። ቀጋና ኮሶም ሳይቀሩ ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ከአገራችን የዱር እንጆሪዎች አንዱ በሳይንስ ሩቡስ ስቶይድኔሪ ይባላል። ስሙ የተሰጠው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 እና በ1862 በአገራችን ተዘዋውሮ ዕፀዋትን ላጠና ሽቶይድነር ለሚባል ጀርመናዊ ነው። እማማ ይህን ስንነግራቸው፣ "እሱ ሳይመጣም ስንበላው ኖረናል" አሉን። እውነታቸውን ነው።

እንጆሪ እንዴት ይኖራል? ሥሩ ብዙ ዓመት ይቆያል። ከሥሩ የሚወጣው ረጅም ዘንግ ግን ዕድሜው ሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያድጋል፣ ቅጠል ያወጣል፤ አያፈራም። በሁለተኛው ዓመት ያብባል፣ ያፈራል። ካፈራ በኋላ ይደርቃል። በመጀመሪያው ዓመት የሚያፈሩ አንዳንድ የራስቤሪ ዝርያዎች አሉ። ራስቤሪና ብላክቤሪ በአብዛኛው የሚኖሩት ግን እንዲህ ነው። በእማማ ግቢ ያየነውም ይኸው ነው።

እንግዲህ መቆረጥ ያለበት የቱ ነው? አፍርቶ የጨረሰው ነው። ዘንድሮ የበቀለው ለከርሞ ነውና አይነካም። ሁለቱ አንድ ላይ ተጠላልፈው ስለሚቆሙ ግን ዓይን ይሳሳታል። እኛም የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ መላ ያገኙት እማማ ናቸው። የመንዝ ሴት ከእጇ እንዝርት፣ ከቤቷ የበግ ጠጉር አይጠፋም። አምና ከቆረጥነው ጉቶ ሥር አዲስ ዘንግ ሲወጣ እማማ ነጭ የሱፍ ክር አሰሩበት። ዘንድሮ በበቀለው ላይ ደግሞ ጥቁር ክር አሰሩ። ነጭ ክር ያለው ዘንድሮ ያፈራል፤ ለቀማው ሲያልቅ ይቆረጣል። ጥቁር ክር ያለው ለከርሞ ይቆያል። ከርሞ የሚበቅለው እንደገና ነጭ ይታሰርለታል። በቃ፣ ይኸው ነው።

መትከል ለምትፈልጉ ደግሞ እነሆ። ጊዜው የክረምቱ መግቢያ ነው። ራስቤሪ ከሥሩ ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያውን ከነሥሩ ነቅሎ መትከል ነው። ብላክቤሪ ደግሞ የዘንጉን ጫፍ ጎንበስ አድርጋችሁ አፈር ብታለብሱት ሥር ያወጣል። ሥር ሲይዝ ከእናቱ ትለዩታላችሁ። ውሃ የሚቋጥር ዋልካ መሬት ሥሩን ያበሰብሰዋል። ሌላ ቦታ ከሌላችሁ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ መደብ ሥሩለት። ለራስቤሪ በተክልና በተክል መካከል አንድ ክንድ ይበቃል፤ ለብላክቤሪ ሁለት ክንድና ከዚያ በላይ ይሁን። እንደ መንዝ ውርጭ ባለበት አገር የካብ ጥግ ይሻላል። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት መልሶ ይሰጣል። ኩበቱ ለማገዶ የሚፈለግ ከሆነ የበግ በጠጥ ከአፈር ጋር ቀላቅሉለት። ዘንጉን በእንጨትና በገመድ ወደ ካቡ ደግፋችሁ እሰሩት። ያን ጊዜ የሰው ነጠላ አይቀድም። እኛም አምና መጥረቢያ ከማንሳት ይልቅ ገመድ ብናነሳ ኖሮ!

ስለ ለቀማውም ትንሽ እንበል። እንጆሪ እንደ ሙዝ ከተለቀመ በኋላ አይበስልም። ስለዚህ ከእነ ዘንጉ ይብሰል። ራስቤሪ ሲበስል ቀስ ብሎ ሲስቡት ይለቃል። እንብርቱ ከተክሉ ላይ ስለሚቀር ፍሬው ውስጡ ባዶ ነው፤ እንደ ትንሽ ቆብ ጣት ላይ ይጠለቃል። ብላክቤሪ ግን ከነእንብርቱ ይመጣል። ጠቁሮ ሲያበራ አትቸኩሉ፤ ማብረቅረቁ ደብዘዝ ሲል ነው የሚጣፍጠው። ጧት ጤዛው እንደ ደረቀ ልቀሙ። በጥልቅ ዕቃ አትከምሩት፤ የታችኛው ይጨፈለቃል። በሰፌድ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉት። ቶሎ ስለሚበላሽ የምትሸጡትን በዚያው ቀን ሽጡ። የምትበሉትንም ልትበሉ ስትሉ እጠቡት። ለልጆች ደግ ምግብ ነው። በ100 ግራም ራስቤሪ ውስጥ ስድስት ግራም ተኩል ያህል አሰር አለ፤ ቫይታሚን ሲም አለው።

ዘንድሮ ክረምት ተመልሰን መጥተናል። እማማ አሁንም ባና ያለብሱናል። ነጭ ክር የታሰረባቸው ዘንጎች አበባ ይዘዋል። ንብ ይመላለስባቸዋል። ልጅቱ ሰባተኛ ክፍል ልትገባ ነው። ደብተሩም ዘንድሮ እንደ ወትሮው በዱቤ ተወስዷል። እኛ እንክፈል ብንል እማማ፣ "ተዉ፣ እንጆሪው ይክፈል" ብለውናል። ውርጩ ቀድሞ ካልመጣ ይከፍላል ብለን ተስፋ አድርገናል።

እማማ አምና ስሟን እንኳ መጻፍ የማትችል እጅ ነበራቸው። ባለፈው ሳምንት ጧት ስንነቃ በግቢው በር ላይ በከሰል የተጻፈ ነገር አየን። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ይላል። ግን ይነበባል። "ከለቀማ በፊት አትቁረጡ" ይላል።

ለማን እንደ ተጻፈ አልጠየቅናቸውም። እኛ ገብቶናል።

እናንተስ በግቢያችሁ እንጆሪ አለ? ማጭድ ከማንሳታችሁ በፊት ዘንጉን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጋችሁ እዩት። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ተዉት።