«ልጃችሁ ናት» ከተባለ በኋላ

እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ ከኢትዮጵያ ልጅ የወሰዱ አሜሪካውያን የአዲስ አበባ ውሏቸውን ሲያወሩ ሁሉም ለማለት ይቻላል አንድ ቀን ላይ ይቆማሉ፤ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቀረቡበት ቀን ላይ። መጠበቂያው በሰው ተጨናንቋል። ግማሽ ቀን ይጠበቃል፤ ችሎቱ ግን ደቂቃዎች ብቻ ነው። ዳኛዋ በአስተርጓሚ ይጠይቃሉ። ልጅቷን አይታችኋታል? ሌላ ልጅ አላችሁ? የተወለደችበትን አገር ታሳውቋታላችሁ? ይህ ውሳኔ እንዲህ በቀላሉ እንደማይሻር ታውቃላችሁ? መልሱ ብዙውን ጊዜ «አዎ» ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር አንድ ደብዳቤ ላይ ይንጠለጠላል፤ የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር «ጉዲፈቻው ለልጁ ይጠቅማል» ብሎ የሚጽፈው አስተያየት። ደብዳቤው መዝገቡ ውስጥ ከተገኘ «ልጃችሁ ናት» ይባላሉ። ካልተገኘ ቀጠሮ ነው።

ደብዳቤው የቢሮክራሲ ጌጥ አልነበረም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጉዲፈቻ አድራጊው የውጭ ዜጋ ሲሆን የሕፃናትን ደኅንነት የሚከታተለው አካል አስተያየት እንዲሰጥ ያስገድድ ነበር። ችግሩ የመጣው ከብዛቱ ነው። ተዋናይቷ አንጀሊና ጆሊ እ.ኤ.አ. በ2005 ሕፃኗን ዘሃራን ከወሰደች በኋላ በነበሩት ዓመታት ጥያቄው እየናረ ሄዶ በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ ሕፃናት ወደ አሜሪካ ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት፣ በመጋቢት ግድም፣ ሚኒስቴሩ በቀን የሚያየውን መዝገብ ወደ አምስት አወረደው። ሥራውን ዘጠና በመቶ ግድም ቀነስኩት እንደማለት ነው። በዚያ ላይ ክረምቱ አለ፤ ፍርድ ቤቶቻችን ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ለዕረፍት ይዘጋሉ። ሐምሌ ላይ ቀጠሮው ያመለጠው የሚኒሶታ ቤተሰብ እንቁጣጣሽን ከነልጁ አከብራለሁ ብሎ ሲያስብ መስቀልም ያልፈዋል።

ቀድሞ የጉዲፈቻ አስፈጻሚው ድርጅት ወኪል በውክልና ይቆምላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ግን ወላጆቹ ራሳቸው ፍርድ ቤት ይቅረቡ ተባለ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ልጁን ሳያዩ ልጅ መውሰድ ለማንም አይበጅም። የአሜሪካ ሕግም ቢሆን ልጁን አስቀድመው ላዩት ወላጆች ይመቻል፤ ልጁ የአሜሪካን አፈር በረገጠ ዕለት ዜጋ ይሆናል። ክፋቱ ለፍርድ ቤትና ልጁን ለመውሰድ በሚደረጉት ሁለት ጉዞዎች መካከል ያለው ጊዜ ነበር። ውሳኔው ወጥቷል፣ በኢትዮጵያ ሕግ እናትና አባት ሆነዋል፤ ልጁ ግን ማቆያ ቤት ይቀራል፣ እነሱ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣል፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይወጣል፣ የጤና ምርመራ ይደረጋል። ሳንባ ነቀርሳ ከተጠረጠረ የአክታው ውጤት ሳምንታት ይፈጃል። ወላጆቹ ከዚያ ማዶ ሆነው በኢሜይል የሚላክላቸውን ፎቶ እያጎሉ ልጁ ከስቷል ወይስ ወፍሯል እያሉ ይከራከራሉ።

የመጨረሻው በር የአሜሪካ ኤምባሲ ነበር። ቆንስላው ልጁ በአሜሪካ ሕግ «ወላጅ አልባ» መሆኑን ራሱ ያጣራል፤ በሕይወት ያለ ወላጅ ካለ አስጠርቶ ይጠይቃል። ከወላይታ፣ ከሐዲያ ወይም ከከምባታ ሌሊት ተነስታ አውቶቡስ የተሳፈረች እናት መስኮቱ ፊት ትቆማለች። የአሜሪካ ሕግ ከእሷ የሚፈልገው ልጇን ለጉዲፈቻና ከአገር እንዲወጣ በማይመለስ ሁኔታ መልቀቋን በጽሑፍ ማረጋገጧን ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠመዘዘው። በአገራችን የሚታወቀው ጉዲፈቻ ሌላ ነው። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ በሽማግሌ ፊት፣ በምርቃት፣ ከብት ታርዶ ይፈጸማል። ልጁ የአሳዳጊውን ጎሳ ይይዛል፣ ይወርሳል፤ ከወለደችው እናት ግን አይጠፋም። በአማራው አገር ደግሞ የጡት ልጅ ወይም የማር ልጅ ነበር፦ ጡት ላይ ወይም አውራ ጣት ላይ ማር ይቀባል፣ ልጁ ይጠባል፣ ምስክር ይቆማል፣ አለቀ። ከወግ ውጭም አክስት ዘንድ አዲስ አበባ ተልኮ የሚማር ልጅ በየቤቱ አለ። እናቱ ለበዓል ቅቤ ይዛ ትመጣለች፤ እሱም ሲያልፍለት ይጦራታል። ብዙ እናቶች በባሕር ማዶ ጉዲፈቻም ያዩት ይህንኑ ነው፤ መንገዱ ረዘመ እንጂ።

ደግሞ የተሳሳቱት እነሱ ናቸው ማለት ያስቸግራል። የቤተሰብ ሕጋችን አንቀጽ 183 ጉዲፈቻ የተደረገው ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ይደነግጋል፤ ከሁለቱ ቤተሰቦች መምረጥ ግድ ሲሆን ብቻ የአሳዳጊው ይቀድማል። ያው ወረቀት ውቅያኖስ ሲሻገር ትርጉሙ ይገለበጣል። የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ለልጁ በአሳዳጊዎቹ ስም አዲስ የልደት ሰነድ ያወጣሉ፤ የወለደችው እናት በዚያ ወረቀት ላይ የለችም። እንግዲህ በአንድ ጉዳይ ሁለት እናቶች ፈርመዋል፤ አንዷ ዝምድና ጨመርኩ ብላ፣ ሌላዋ የኔ ብቻ ሆነ ብላ። ስለ ቀጠሮና ስለ ደብዳቤ ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ ልዩነት ግን በችሎቱ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ የሚያስረዳ አልነበረም።

የሚያገናኘው ክር ሪፖርት ነበር። አሳዳጊዎች ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ስለ ኑሮው ወደ ኢትዮጵያ ሊጽፉ ቃል ይገባሉ። አንዳንዱ ጻፈ፤ አንዳንዱ ቪዛው ከወጣ በኋላ ዝም አለ። ከዝምታ የከፋም ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ዋሽንግተን ግዛት የሄደችው ሀና ዊሊያምስ በግንቦት 2011 በአሳዳጊዎቿ ጓሮ በብርድ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿ በ2013 ተፈርዶባቸው እናቲቱ 37፣ አባትየው 28 ዓመት ግድም እስራት ተቀጡ። በ2014 ደግሞ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የአንድ ጉዲፈቻ አስፈጻሚ ድርጅት ሠራተኞችን በሐሰተኛ ሰነድና በጉቦ ከሰሰ። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 የውጭውን ጉዲፈቻ አገደ፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አዋጅ ቁጥር 1070ን አጽድቆ በሩን ዘጋው። ፍርድ ቤት ደርሰው ለነበሩ ቤተሰቦች ከሁሉም የከፋው ጊዜ ያኔ ነበር፤ የሕፃን አልጋ ገጥመው፣ ግድግዳ ቀለም ቀብተው፣ ጉዳያቸው ያልቅ አያልቅ እንደሆነ ከኤምባሲው ድረ ገጽ ይጠባበቁ ነበር።

ዲያስፖራው ይህን ሁሉ ከዳር ሆኖ አይቷል። ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ዳለስ በሚበረው አውሮፕላን የሚያለቅስ ሕፃን ከፈረንጅ እናቱ ተቀብለው «እሹሩሩ» ያሉ እናቶች ጥቂት አይደሉም፤ ፀጉር ማበጠርና መሥራት ያሳዩም፣ የታሸገውን የቪዛ ፖስታ እንዳትከፍተው ያስጠነቀቁም አሉ። ዛሬ ከእነዚያ ሕፃናት ኮሌጅ የገቡ አሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ምግብ ቤት እንጀራ አዝዘው አስተናጋጇን የአባታቸውን ስም በፊደል እንድታነብላቸው ይጠይቃሉ። በሰነዳቸው ላይ ያለው የቀበሌ ስም የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። «ቤተሰብ ፍለጋ» የሚባለው የመረጃ ቋት ልጅ የሰጡ ቤተሰቦችንና ልጆቹን በሁለት ወገን እየመዘገበ ያገናኛል፤ ወላጆቹ ሲያስመዘግቡ ስለ ልጁ የሚያውቁትን ይሰጣሉ። ለመተርጎምና ስልክ ለመደወል ፈቃደኛ ከሚሆኑት መካከል እዚያው ባሕር ማዶ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አሉ።