ጨው ሁሉ ጨው አይደለም

ለኬሚስት ጨው ማለት ወጥ ውስጥ የሚገባው ብቻ አይደለም። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው ነገሮች ተሳስበው የሚፈጥሩት ሁሉ ጨው ነው። ይህን ለአቦከሯ አክስቴ ማስረዳት ግን ሌላ ጣጣ ነው።

የአጎቴ ልጅ ኬሚስትሪ ይማራል። የስኳር ክኒኗን ፓኬት አንብቦ «ሜትፎርሚን ሃይድሮክሎራይድ? ይኼ እኮ ጨው ነው!» ብሏት ሄደ። ደም ግፊትም ስላለባት ሐኪም ጨው ከልክሏታል። እና አራት ቀን ሙሉ ክኒኑን አልነካችውም! ግፊት የሚያባብሰው ሶዲየም እንደሆነ፣ እዚህ ክኒን ውስጥ ደግሞ ጨው ያደረገው ክሎራይዱ እንጂ ሶዲየም እንዳልሆነ ነግሬያት ነው የቀጠለችው። «ታዲያ ስሙን ለምን አይለውጡትም?» አለች። እውነቷን ነው።

ክሎራይዱን የያዘው የጓኒዲን ዘመድ ነው። ጓኒዲን አንድ ካርበን በሦስት ናይትሮጅን ተከቦ ማለት ነው፤ ሜትፎርሚን ሁለቱ የተጋጠሙበት ነው። የዘሩ ታሪክ ከብት ከሚመርዝ የአውሮፓ ተክል ይጀምራል (መድኃኒትና መርዝ ጎረቤት ናቸው)። ሜትፎርሚን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1922 ደብሊን ውስጥ ተሠራ፤ ለስኳር ሕመም እንደሚያገለግል ግን ፈረንሳዊው ዣን ስተርን በ1957 አሳተመ።

አቶሞቹ እንዴት እንደተደረደሩ የሚታወቀው በኤክስሬይ ነው። ጨውን አሟሙቶ ቀስ ብሎ እንዲተን መተው፣ ጥሩ ክሪስታል ሲያድግ ኤክስሬይ መልቀቅ፣ ከዚያ የሚበተነውን ጨረር ነጠብጣቦች ይዞ ማስላት። የሚሠራው ክሪስታል ስለሚደጋገም ነው። ጁገል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ያየ ሰው በሚቀጥለው ቤት ነደባው የት እንደሚሆን ይገምታል፤ ክሪስታል ውስጥ ግን መገመት የለም፣ አንዷን ክፍል ካወቅህ ሁሉንም አወቅህ። የሜትፎርሚን ሃይድሮክሎራይድ መዋቅር የታተመው በ1989 ነው። ሰው እየዋጠው ከሠላሳ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ!

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ለምትሉ፦ ሪቶናቪር የሚባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1996 ገበያ ላይ ዋለ። በ1998 ሞለኪዩሉ ሳይለወጥ አደራደሩ ብቻ የተለየ፣ በቀላሉ የማይሟሟ ክሪስታል ብቅ አለ። እንክብሉ ከገበያ ወጣ፤ ታማሚዎች ምሬቱ የማይቻል ፈሳሽ እንዲጠጡ ተደረገ፤ አዲስ እንክብል እስኪሠራ ድረስ።

የአጎቴ ልጅ ይህንን ገና አልሰማም። ሳይሰማ ብዙ ፓኬት ባያነብ ይሻላል።