በሸራው ላይ ያየኋት ከተማ

ተወልጄ ያደግሁት በጋይንት፣ የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በቤተ ልሔም አጠገብ ነው። በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያኒቱን ከደጅ ለሚያያት እንግዳ ክብ የሣር ክዳን ቤት ትመስለው ነበር፤ በውስጧ ግን ከጥንት ዘመን የቆየ፣ በድንጋይ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ አለ። ከደጅ የተመለሰ ሰው ይህን ሳያውቅ ይሄዳል።

አዲስ አበባ በገባሁ በዓመቱ ወዳጆቼ ሲኒማ ቤት ወሰዱኝ። የታየው በ1957 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነበር። ጥቁርና ነጭ ሆና በሸራው ላይ የታየችው ከተማ፣ ዕለት ዕለት በእግሬ የምመላለስባት ሆና ሳለ ፈራኋት። መንገዱ ያው፣ መብራቱ ያው፤ ነገር ግን ለሴት ልጅ የተዘረጋ ወጥመድ ሆኖ ታየኝ።

በዚያው ሰሞን ታናሽ እህቴ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ውሰደኝና ልማር» ስትል ደብዳቤ አስጽፋ ላከችብኝ። «ከተማ ለሴት ልጅ አይሆንም» ብዬ መለስሁላት። በዓመቱ ተዳረች። የዜማ ድምፅ በማይለይበት ሰፈር አድጋ፣ እርሷ ግን ፊደል ሳትቆጥር ቀረች።

ጥፋቱን በፊልሙ ላይ ልጭን አልሻም። ፊልሙ በከተማይቱ ውስጥ ያለውን አንድ እውነተኛ መከራ መርጦ አሳየ፤ የአንዲቱን ሴት ዕጣ የሁሉ ያደረግሁት እኔ ነኝ። በግቢያችን ቀን እንጀራ ጋግረው ማታ የሚማሩ ሴቶች ነበሩ። በየምሽቱ ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ እያየሁ፣ ደብዳቤውን ስጽፍ አንዳቸውንም አላሰብሁም።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ተመለከትሁ። ሐኪሙ አንበርብር ከጀርመን ተመልሶ የሚገባባት የደርግ ዘመን አዲስ አበባ የጥርጣሬና የግድያ ከተማ ናት። ይሁንና በጣና ዳር ያለው የትውልድ መንደሩም መሸሸጊያ አልሆነውም፤ ወጣቶቹ ለጦርነት ይታፈሳሉ፣ አዛኑ የተባለችው ሴትም በገዛ መንደሯ ተገፍታ ትኖራለች። ከተማውን ክፉ፣ አገር ቤቱን ደግ ብዬ የከፈልሁት ክፍፍል ያን ዕለት ፈረሰብኝ።

ባለፈው ዓመት አገሬ ገብቼ፣ ያን ፊልም ማየቴንና እምቢ ያልሁበትን ምክንያት ለእህቴ ነገርኋት። አሁን የልጅ ልጆች ያየች ሴት ናት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «ያቺ ሴት ማንበብ ትችል ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ።

የምመልስላት አጣሁ።